አውራ ጣት

ሞተሩ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጧል፣
ከሱማሌ ተራ በአይሱዙ መጥቷል፤
ላስቲክ ተጠቅልሎ፣ በገመድ ተጠፍሮ፣
እግር ሳይኖረው እንደ በግ ታስሮ።

«የዱባይ ነው!» ይላል ደላላው ከሊፋ፣
«ቡሎኑ አልተነካ፣ ዘይቱ እንኳ አልተደፋ።
ዛሬ ማታ ይገጠም፣ ነገ ጠዋት ጫን፣
አጋሮ ደርሰህ ና፣ ምሳ ጋብዘን።»
ውሉን ከፌስታል ውስጥ አውጥቶ ዘርግቷል፣
ዝናቡ የአጂፕን ቆርቆሮ ይመታል።

እኔም ቸኩያለሁ።
ሚኒባሴ ከቆመ ሁለት ወር ከሳምንት፣
የጎረቤት ዶሮ ከኋላ ወንበር ሥር እንቁላል ጣለበት።
የነጂባን አምባር አስይዤ ወርቅ ቤት፣
የከርሞውን ቡና ሸጬ በአበባነት፣
ይኼው ብረት ገዛሁ፤ ልገዛ ነው፣ ማለት።

አባ ፎጊ ዝም ነው።
ጃኬቱን ሰቀለ። ክዳኑን ከፈተ።
ጣቱን ሰደደና ዘይቱን አሸተተ።
ውሃ የገባው ዘይት ማኪያቶ ይመስላል፤
ይኼ ጥቁር ነው፣ «እስካሁን ደህና» ይላል።
አራቱን ኖዝሎች ነቅሎ እራፊ ላይ ደረደረ፣
ቡሶላ ከፑሌጃው ቡሎን ላይ ሰክቶ ወጠረ።

«ና ወዲህ። አውራ ጣትህን አምጣ።»

ቀዳዳው ላይ ጫንኩት።
አባ ፎጊ ብረቱን በሁለት እጁ ሳበ፣
ቀስ...
ከሆዱ ውስጥ አንድ ነገር እየከበደ፣
ትንፋሹ ተጠራቅሞ ጣቴን ገፍቶት ሄደ።
አንደኛው አለ።
ሁለተኛው አለ።
ሦስተኛው ጉንፋን እንደያዘው ሰው፣ ግን አለ።
አራተኛው ጣቴን ወረወረው።

ከሊፋ ሳቀ፤
እስክሪብቶውን ከጆሮው ላይ አወረደ።

አባ ፎጊ አልሳቀም።
ብረቱን ወደ ኋላ መለሰ፣ የጥፍር ያህል።
ወደ ፊት፣ የጥፍር ያህል።
እንደገና፣ ልጅ እሹሩሩ እንደሚል ሰው፣
ዓይኑን ጨፍኖ።
«ያዝ» አለኝ።
ያዝኩት። ብረቱ ይበርዳል።
ወደ ኋላ። ወደ ፊት።

ጠቅ።

ዝናቡ በጆሮ ይሰማል፣
የአዛን ጥሪ ይሰማል፣
ማዶ የበያጅ ጀነሬተር ይሰማል፤
ይኼኛው ጆሮ አያውቅም፣
በአንጓ ገብቶ ክርን ላይ ያድራል።

«ተሰማህ?»
«ኧረ ምንም።»

ዋሸሁ።
የዋሸው ሁለት ወር ከሳምንቱ ነው፣
የዋሸው አበባው ላይ የተሸጠው ቡና ነው፣
አፉ ግን የኔ ነው።
አባ ፎጊ ቀና ብሎ አላየኝም፤
እጄን ከብረቱ ጋር እንደያዘ ቆየ፣
አልገፋም፣ አልሳበም፣ ብቻ ጠበቀ።
በዚያች የጥፍር ያህል ክፍተት
ከየቡ በላይ ያለው ዳገት ገባ፣
ጉልበቷ ላይ ሕፃን ያስቀመጠች ሴት ገባች፣
ረዳቴ ቶፊቅ «ተጠጋጉ! ተጠጋጉ!» እያለ ገባ፤
ሁሉም እዚያው ተጠጋግተው ተቀመጡ።

«ተሰማኝ» አልኩ።

«ብሮንዚና ነው። የታች ሆዱ ይከፈታል።»
«የብርድ ነው እኮ!» አለ ከሊፋ፣ «ሲሞቅ ይተወዋል!»
«የኔንም ጉልበት እንደዚያ ሲሉኝ ኖረዋል»፣
አለና አባ ፎጊ፣ እያነከሰ መብራቱን ሊያመጣ ሄደ።

ውሉ በወፍጮ ማሽኑ ላይ ረጠበ።
ከሊፋ «ቢያንስ ቀብድ፣ ቢያንስ የጣት አሻራ» አለ።
አውራ ጣቴን አየሁት፦
መሐሉ ገርጥቶ፣ ዙሪያው ጥቁር ክብ፣
የሌላ ውል ማኅተም።
በናፍጣ አሸሁት፤ በኦሞ አሸሁት፤ አለ።

በእግሬ ነው የገባሁ፣ አዌቱ ሞልቶ ነበር።
የቤቴን ቁልፍ ሰክቼ
ወደ ኋላ አዞርኩ፣ የጥፍር ያህል፣
ወደ ፊት፣ የጥፍር ያህል፣
ቆሜ አዳመጥኩ።
ነጂባ ከውስጥ መጣች።
ወትሮ በሩን ስትከፍት አምባሯ ነበር የሚቀድማት፤
ዛሬ በሩ
ዝም ብሎ ተከፈተ።